ቁጥር የሌላት ቅጠል

«የፈነዳችውን አምጪና አዲሷን ውሰጂ» አሉ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ሲት ባሂጋ ከመስኮቱ ማዶ። ይህን ሲሉ ቀና እንኳ አላሉም፤ ሻያቸው ውስጥ የናዕናዕ ቅጠል እየነከሩ ነበር።

ለራውያ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የሳምንቱ ሥራ በእሑድ ጠዋት ከተጀመረ ወዲህ ሦስት ጊዜ አራት ፎቅ ወርዳ፣ ሦስት ጊዜ እዚህ መስኮት ላይ ቆማ፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ መልስ ሰምታለች።

«ሲት ባሂጋ፣ አልፈነዳችም እኮ ነው የምልዎት! ሳትፈነዳ ነው መቀየር ያለባት። ከፈነዳችማ የእኔም ሥራ አብሮ ፈነዳ።»

«ካልፈነዳች ታዲያ ምን ሆነች?»

«አርጅታለች። አብጣለች።»

«እኔም አርጅቻለሁ፣ እኔም አብጫለሁ» አሉ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ወጣ አድርገው እያሳዩ። «መንግሥት ግን እስከ ወሩ መጨረሻ፣ ጡረታ እስክወጣ፣ አይቀይረኝም። ሂጂ ዶክቶራ፣ ስትፈነዳ ትመጫለሽ።»

«ዶክቶራ» የምትለዋ ቃል ራውያን እንደ እሾህ ወጋቻት። ገና አይደለችም። በምርምር ተቋሙ ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ዶክቶራ ይላታል፣ ወረቀቱ ግን የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በጉሎ ዘይት ስትጨማለቅ ኖራ፣ የቀራት አንድ ሙከራ ብቻ ነው። የምዝገባዋ ጊዜ ደግሞ ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ያበቃል። ከዚያች ሰዓት አንድ ደቂቃ ብታልፍ ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ስድስቱ ዓመትም አብሮ።

ነገሩን ሁሉ የያዘችው አንዲት ቅጠል ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ከወፍራም ብረት የተሠራ የግፊት ማብሰያ አለ፤ የቤቱ ሰዎች «ድስቱ» ይሉታል። ዘይትና ሃይድሮጅን ይከተትበትና በመቶ ባር ግፊት ይበስላል። ክዳኑ ላይ ማስገቢያ ቫልቭ አለው፣ ማስተንፈሻ ቫልቭ አለው፣ የግፊት መለኪያ ሰዓት አለው። ከእነዚህ ጎን፣ በሁለት ቀለበት መካከል የምትታሰር፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የማትወፍርና የሳንቲም ስፋት ያላት የብረት ቅጠል አለች። የእሷ ሥራ ግፊቱ ልኩን ሲያልፍ ከሁሉም ቀድሞ መቀደድ ነው። እሷ ስትቀደድ ጋዙ በቱቦ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ድስቱም ሰውም ይተርፋል። ሌላ ሙያ የላትም፣ አይጠበቅባትምም።

ድስቱን የሚጠብቁት አም ዋጊህ በዚያው ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ሲያዩ ቅጠሏ እንደ ዳቦ አብጣ አገኟት። «በዚህች አላስነሳም» አሉ። አም ዋጊህ አላስነሳም ካሉ አያስነሱም፤ የእስክንድርያ ባሕር ሞልቶ አራተኛ ፎቅ ቢደርስ እንኳ ሐሳባቸውን አይቀይሩም። ሲት ባሂጋ በበኩላቸው የፈነዳችው ካልመጣች አይሰጡም። ራውያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደረጃ መውጣትና መውረድ ሆኗል ሥራዋ።

ሦስተኛውን መልስ ይዛ ስትመለስ አም ዋጊህ የመፍቻዎቻቸውን ሣጥን በዘይት ጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«የፈነዳችውን አምጪ።»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አረፈ። እዚያ በክር የተንጠለጠለች የአንድ ፓውንድ ሳንቲም አለች። «ይቺኑ ሳንቲምዎን ለምን አንከታትም? ልኳ ልክ ነው።»

አም ዋጊህ ጨርቁን አስቀመጡ። «ዶክተር ሺሃብም ልኳ ልክ ነው ብሎ ነበር።»

ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ቤቱ ውስጥ የማያውቀው የለም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ዶክተር ሺሃብ ቅጠል ሲያጣ በቦታዋ ሳንቲም ከተተ። ግፊቱ ልኩን ሲያልፍ ሳንቲሟ አልተቀደደችም። ክዳኑ ግን ተነቅሎ ጣሪያውን በስቶ ወጣ፤ የሰውየው ቀኝ ዓይንም ጠፋ። አቧራው ሲረግብ አም ዋጊህ ከፍርስራሹ መካከል ቀለበቱን ፈልገው አገኙ፤ ሳንቲሟ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፣ ጭረት እንኳ የላትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምስማሩ ላይ ናት። ጣሪያው ላይ የተለሰነው ሲሚንቶም እስከዛሬ ቀለሙ ከሌላው አልገጠመም።

«ቀልዴን ነው» አለች ራውያ።

«በእሱ አይቀለድም።»

ከዚያ ራውያ ብድግ አለች። «ካቻቢቴ ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«የፈነዳችውን አምጪ አይደል ያሉኝ? እንግዲህ ትፈንዳላቸው!»

አሮጌዋን ቅጠል ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ በካቻቢቴው ወጋቻት። አም ዋጊህ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እኔ ባሕሩን ነው የማየው» አሉ። «ምንም አላየሁም።»

ሲት ባሂጋ የተበሳችውን ቅጠል በመነጽራቸው ሥር አገላብጠው አዩና ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ፣ ፈነዳች! ቁጥር ስድስት።» መዝገባቸውን ገለጡ። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሪፖርቱስ?»

«የምን ሪፖርት?»

«የመንግሥት ንብረት ዝም ብሎ ይፈነዳል እንዴ? እንዴት እንደፈነዳች፣ መቼ እንደፈነዳች፣ ሰው ተጎድቶ እንደሆነ። ሦስት ፊርማና የመንግሥት የንስር ማህተም።»

ራውያ የሳቀችው ማልቀስ ስላፈረች ነው።

ሪፖርቱን አም ዋጊህ በሚያምር ጽሑፋቸው ጻፉት፦ «እሑድ ዕለት ቁጥር ስድስት ቅጠል በሥራ ላይ ሳለች ፈንድታለች። ሰው አልተጎዳም። ማብሰያው ደህና ቅያሪ እስኪገኝ ሥራ አቁሟል።» ይህን ሲጽፉ እጃቸው ከብዶባቸው ነበር። ሐሰት ጽፈው አያውቁም። «ማርያም ትየኝ» እያሉ ነው የፈረሙት።

ሁለተኛው ፊርማ የሥራ ደህንነት ኃላፊው ነው፤ እሱ ሰኞ እረፍት ነበርና የፈረመው ማክሰኞ በማለዳ ነው። ሦስተኛው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ እሳቸው ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ከስብሰባውም ወጥተው ሌላ ስብሰባ ገቡ። ራውያ በር ላይ ቆማ ጠብቃ ግድግዳ ላይ አስደግፋ አስፈረመቻቸው። የንስሩን ማህተም የምትይዘው ልጅ ደግሞ እህቷ ስለታጨች ከሥራ ቀርታለች፤ መሳቢያው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከእሷ ጋር ነው። ማክሰኞ ስትመጣ ራውያ በር ላይ ነበረች። «መብሩክ፣ እህትሽ እንኳን ታጨችልሽ» አለቻት በተነከሰ ጥርስ፤ ልጅቷም አመስግና የድግሱን ፎቶ አንድ በአንድ አሳየቻትና ማህተሙን አሳረፈችላት። ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀረው።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሲት ባሂጋ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ በሦስት ቅጂ አስፈርመዋት፣ ካዝናውን ከፈቱ። አንዲት ትንሽ የወረቀት ፖስታ አወጡ። «ቁጥር ሰባት። እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያት።»

ራውያ ፖስታውን ከፈተች። ቅጠሏ አዲስ ናት፣ ታበራለች። መሐሏ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ተመትቶባታል። በብረት ቁጥር መምቻና በመዶሻ የተመታ ነው፤ የተቋሙ መለያ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ሰባት። ቁጥሩ በፊት ለፊቷ ጎድጉዶ በጀርባዋ ጎብጦ ወጥቷል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቁጥሯ ነዋ።»

«ማን ነው የመታው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሲት ባሂጋ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። «ከአራት ዓመት በፊት መመሪያ መጣ። ማንኛውም የመንግሥት ዕቃ ቁጥር ይመታበት፣ ቁጥር የሌለው ዕቃ የመንግሥት አይደለም ተባለ። ሌሎቹ ግምጃ ቤቶች በቀለም ጻፉና ለቀቀባቸው። እኔ አንድ በአንድ በእጄ መታሁ። አየሽ ሰባቷን? ቀጥ ብላለች።»

ራውያ ቅጠሏን ይዛ ደረጃውን ወጣች። አም ዋጊህ ቅጠሏን ባዩ ጊዜ ግንባራቸውን ያዙ፤ ሆኖም ሳይሞክሩ መፍረድ አይወዱም። ድስቱ ባዶውን ሳለ አሰሯትና በናይትሮጅን ቀስ እያሉ ግፊት ሰጧት። መቶ ሃያ ባር ላይ መቀደድ ያለባት ቅጠል በአርባ ባር ጧ! አለች። የተቀደደችውም በሰባቷ መስመር ነው፤ ያቺ ቀጥ ባለችው።

ራውያ እንደገና ወረደች። «ሌሎቹን ያሳዩኝ።»

ሲት ባሂጋ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን አምስት ፖስታዎች ደረደሩ። አምስቱም ላይ ቁጥር አለ። አምስቱም ላይ ያማረ፣ የጎደጎደ፣ ቀጥ ያለ ቁጥር።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ...»

ያኔ ነው ራውያ የፈነዳችው። «ገድለዋቸዋል! ስስ ስለሆነች እኮ ነው የምትሠራው! በመዶሻ? ቅጠል በመዶሻ? አንዷ ከአርባ ባር አላለፈችም። ይሄ ሁሉ ሬሳ ነው! አራት ዓመት ሙሉ ሬሳ ነው ሲጠብቁ የኖሩት!»

ሲት ባሂጋ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ መልሰው ካዝናው ውስጥ ከተቱ፣ ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ መለሱ። ናዕናዑ የገባበት ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ራውያ ደረጃው ወገብ ላይ ስትደርስ ያለችው ነገር ቆጨት አደረጋት፤ ግን ንዴቷ ከጸጸቷ ይበልጥ ነበርና አልተመለሰችም።

አዲስ ቅጠል ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው፤ እሱም ጉምሩክ ከፈቀደ። በከተማው ያለው ሌላኛው ድስት ቅጠሉ በመጠን አይገጥምም። ረቡዕ ጠዋት ራውያ የምትደውልለት ሰው አለቀባት።

ረፋድ ላይ አም ዋጊህ ፉልና የባቄላ ጥብስ ታዕሚያ ሊገዙ ወረዱ። «ለአንቺም ላምጣ? በባዶ ሆድ አትናደጂ» አሉ ከበሩ።

ራውያ ብቻዋን ቀረች። ድስቱ እዚያ አለ፤ ተወልውሏል፣ ዘይቱ ተመዝኗል፣ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው። የጎደለው የሳንቲም ስፋት ያለው ነገር ብቻ ነው። ራውያ ምስማሩን አየች። ለራሷ ነገረችው፦ መቶ ባር ነው የምፈልገው፣ ከመቶ አላልፍም፣ ዓይኔን ከሰዓቱ አልነቅልም፣ ሺሃብ ግዴለሽ ነበር፣ እኔ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ሰው ለራሱ ጠበቃ ሲሆን የማያሸንፈው ክርክር የለም። ሳንቲሟን ከክሩ ፈታች። ቀለበቱ መካከል አስቀመጠቻት። በመፍቻ አጠበቀቻት። በኋላ ስታስበው ያስፈራት እንዲህ በቀላሉ ማድረጓ ነበር።

የመጨረሻውን ብሎን ስታስር ከበሩ የሚያቃትት ትንፋሽ ሰማች። ሲት ባሂጋ ናቸው። ሲት ባሂጋ ከግምጃ ቤታቸው ወጥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ታይተው አያውቁም። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘዋል፣ በሌላኛው መሐረብ ጨብጠዋል።

«ወንበር» አሉ።

ራውያ ወንበር አቀረበችላቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና መሐረቡን ጭናቸው ላይ ፈቱት። ውስጡ አንዲት ቅጠል አለች። ለስላሳ ናት፤ ቁጥር የለባትም።

«ከየት መጣች?»

«አሥራ ሁለት አዘዝን፤ ፋብሪካው አሥራ ሦስት ላከ። ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ሲቆጠር አንድ በዛ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው የጎደለበት ብቻ ይጠየቃል ይመስለዋል። የበዛበትም ይጠየቃል፤ ከየት አመጣሽው፣ የማንን ወሰድሽ ይባላል። ፈራሁና ደበቅኳት። ከዓመት ዓመት የንብረት ቆጣሪዎቹ ሲመጡ በመሐረብ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር እይዛታለሁ። መዝገብ ላይ ስለሌለች ቁጥር አልመታሁባትም። የሌለ ነገር ምን ቁጥር አለው?» ቀና ብለው አዩዋት። «ትሠራለች?»

ራውያ ቅጠሏን በሁለት ጣቷ ጠርዟን ይዛ በብርሃን አየቻት። ጭረት የለባትም። በዚህ ሁሉ ተቋም ውስጥ ደህና ሆና የተረፈችው መንግሥት የማያውቃት አንዲት ቅጠል ናት።

«ትሠራለች። ሲት ባሂጋ፣ ትናንት ያልኩት...»

«ትናንት ያልሺው እውነት ነው። በይ እሰሪያት፣ እስኪ ስትታሰር ልያት። ምን እንደምትሠራ አይቼ አላውቅም።»

ራውያ አሁን ያሰረችውን ቀለበት በፊታቸው መፍታት ነበረባት። ፈታች። ሳንቲሟ ተንከባልላ የሲት ባሂጋ እግር ሥር ወደቀች። ልክ በዚያን ጊዜ አም ዋጊህ የሳንድዊች ከረጢት ይዘው ገቡ። ባዶውን ምስማር አዩ፤ ወለሉ ላይ ያለችውን ሳንቲም አዩ።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ስድስት ዓመት አብረን ሠራን» አሉ ቀስ ብለው። «ፉል እስክገዛ እንኳ አልጠበቅሽኝም።»

ሲት ባሂጋ ጎንበስ ብለው ሳንቲሟን አነሱና ኪሳቸው ከተቱ። «ይቺ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ እጅ ናት» አሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት የግምጃ ቤት ሥራቸው ማንም ያልተሟገተውን ድምፅ ነው የተጠቀሙት።

«ልፈርም ለቅጠሏ?» አለች ራውያ አንገቷን ደፍታ።

«በምን ላይ ልትፈርሚ? የሌለ ነገር አይፈረምበትም።»

ሐሙስ በአንድ ሰዓት ሁሉም ነገር ዝግጁ ነበር። በአንድ ሰዓት ከአምስት የሕንጻው መብራት ጠፋ።

ራውያ መስኮቱ ላይ ቆማ ትራሙ ያለ ሐሳብ ሲያልፍ እያየች ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ቆየች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «አሁን ይመጣል» ይላል፤ «አሁን» በእሱ አፍ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መብራቱ በአራት ተኩል መጣ። ሥራው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ሰዓት ቀስ እያሉ ማሞቂያ ነው። ውጤቱን ጽፎ ለመዝገብ ቤት ማስገባት ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ጣቷን አጣጥፋ ቆጠረች፤ የትርፍ ደቂቃ የለም። ከማሞቂያው ላይ ብትቆርጥ ግን ትደርሳለች።

«አንድ ሰዓቱን በሃያ ደቂቃ አደርገዋለሁ።»

«አታድርጊው» አሉ አም ዋጊህ። ከትናንት ወዲህ ያናገሯት ይህን ብቻ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ሲቀመጡ የታጠቁትስ መች ጠቀመኝ?» አለችና ማሞቂያውን እስከ ጫፍ ከፈተችው።

መጀመሪያ እሷ ልክ ነበረች። ሰዓቱ ስልሳ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ መቶ ሲደርስ ማሞቂያውን ዘጋች። መርፌው ግን አልቆመም። ዘይቱና ጋዙ አንዴ ተያይዘዋል፤ ከእንግዲህ ሙቀት የሚሰጣቸው ሰው አይፈልጉም። መቶ ስምንት። መቶ አሥራ ሁለት። ራውያ ማስተንፈሻ ቫልቩን ለመክፈት ክዳኑ ላይ ጎንበስ አለች፤ ቫልቩ ግሎ ጠብቋል፣ በሁለት እጇ ብትይዘውም አልዞር አለ። ፊቷ ከክዳኑ አንድ ክንድ አይርቅም። አም ዋጊህ «ተይው! ውጪ!» ብለው ጮኹ።

መቶ ሃያ ላይ ቅጠሏ ተቀደደች።

ድምፁ ጆሮ የሚያደነቁር ነበር፤ ቱቦው ተርገበገበ፣ ጋዙ እያፏጨ በጣሪያው ወጣ፣ የጣሪያው እርግቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሱ። ከዚያ የግፊቱ መርፌ ወደ ዜሮ ወረደ። ድስቱ ከቦታው አለ። ክዳኑም አለ። የተቃጠለ ጉሎ ዘይት ይሸታል። ራውያ እጇ ቫልቩ ላይ እንዳለ ቆማ ነበር። ዓይኗን አሻቅባ ጣሪያው ላይ ያለውን የሲሚንቶ ልስን አየች፤ ከዚያ ባዶውን ምስማር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አም ዋጊህ አጠገቧ ተቀመጡ።

ድምፁ ግምጃ ቤት ድረስ ተሰምቷል። ሲት ባሂጋ ለሁለተኛ ጊዜ አራት ፎቅ ወጥተው በሩ ላይ ደረሱ። «ሰው?» አሉ። ስለ ዕቃ አልጠየቁም።

«ሰው ደህና ነው» አሉ አም ዋጊህ።

«ሥራዬ ግን አለቀልኝ» አለች ራውያ። ዘይቱ በቱቦው ወጥቷል፣ ለሌላ ሙከራ ቅጠልም ሰዓትም የለም።

«ሰዓቱ ገና ነው» አሉ ሲት ባሂጋ። «መዝገብ ቤት ሂጂና ያራዝሙልሽ። አደጋ ደርሶብሽ የለም?»

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ኡስታዝ ሩሽዲ ለሶላት ወጥተው፣ ከሶላት ወደ ምሳ አልፈው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። ራውያ ፊቷ ላይ ጥላሸት እንዳለ ጠረጴዛቸው ፊት ቆመች። የተቀደደችውን ቅጠል አስቀመጠችላቸው። ነገረቻቸው፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳትጨምር።

ኡስታዝ ሩሽዲ ቅጠሏን አገላበጡ። «ቁጥሯ የታለ?»

«የላትም።»

«ቁጥር ከሌላት የተቋሙ አይደለችም። የተቋሙ ካልሆነች ተቋሙ ውስጥ አልፈነዳችም።»

«ሰምተዋል እኮ! ሕንጻው ሁሉ ሰምቷል!»

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ሰውየው በሐዘኔታ። «መስማት ሰነድ አይደለም፣ ዶክቶራ።»

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ራውያ ጠረጴዛውን ገልብጣ ብትሄድ ደስ ባላት። ያኔ ሲት ባሂጋ ከኋላዋ እያለከለኩ ገቡና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የእሑዱ ሪፖርት ነው። ሦስት ፊርማ፣ ከሥሩም የንስር ማህተም።

ኡስታዝ ሩሽዲ መነጽራቸውን አደረጉ። «ቁጥር ስድስት ቅጠል በሥራ ላይ ሳለች ፈንድታለች... ማብሰያው ደህና ቅያሪ እስኪገኝ ሥራ አቁሟል።» ፊታቸው ተፈታ። «ይሄ ነዋ! ይሄን ይዘሽ ምን ታለቃቅሻለሽ? ለምን ከመጀመሪያው አላሳየሽኝም? ማብሰያው ከቆመ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ስድስት ወር ይራዘማል።»

ራውያ አፏን ከፈተች። ቁጥር ስድስት በካቻቢቴ የወጋቻት ቅጠል ናት። ፈንድታ አታውቅም። በእውነት የፈነዳችው፣ ነፍሷን ያተረፈችው፣ እዚሁ ወረቀቱ አጠገብ ተቀድዳ ተኝታለች፤ ሰውየው በክርናቸው ወደ ጎን ገፍተዋታል። ቃሉ ከአፏ ሊወጣ ሲል ሲት ባሂጋ እግሯን በተረከዛቸው ረገጡት። ረገጣው የዋዛ አልነበረም። ራውያ አፏን ዘጋች። ኡስታዝ ሩሽዲ ማህተማቸውን አተሙ፤ ሰዓቱ ስምንት ሊሞላ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ራውያ የምትስቀው ይሁን የምታለቅሰው ራሷም አልለየችውም። «ስድስት ወር» አለች። «እንደገና ደረጃ። እንደገና ፊርማ። እንደገና ዶክቶራ!»

«እኔ የለሁም ያኔ» አሉ ሲት ባሂጋ። «እሑድ ወሩ ሲያልቅ ቆጣሪዎቹ ይመጡና በጡረታ ያሰናብቱኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ትበዛብኝ ነበር። ዛሬ ልክ ሆነ።» ከቦርሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ፤ የአዲስ ቅጠሎች ግዢ ጥያቄ ነው። ግርጌው ላይ በራሳቸው እጅ ጽፈውበታል፦ «ቁጥሩ በፖስታው ላይ ይጻፍ፤ ዕቃው በመዶሻ አይነካ።» ንስሩም አርፎበታል። «ልጅቷ የእህቷን ፎቶ እስክጨርስ አላተመችልኝም» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «የፈነዳችውን አምጪ።»

ራውያ ቅጠሏን በመዳፏ ጨበጠቻት። የአም ዋጊህ ምስማር ላይ ልትሰቅላት ነበር ያሰበችው። «ይቺን? ሲት ባሂጋ፣ ይቺ እኮ መዝገብ ላይ የለችም! ምን ያደርግልዎታል?»

«ስለሌለች ነዋ። በሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ ቤት አንዲት ብሎን ይዤ አልወጣሁም። ይቺን ይዤ እወጣለሁ።»

ራውያ ልትከራከር ነበር፤ መብቷም ነው። ግን ሳታስበው በሌላኛው እጇ ፊቷን ዳሰሰች፤ አንዱን ዓይኗን፣ ከዚያ ሌላኛውን። ሁለቱም አሉ።

መዳፏን ከፈተች። ሲት ባሂጋ ቅጠሏን በመሐረባቸው ጠቀለሉ፣ ጡታቸው ሥር ከተቱ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ወረዱ።